በጊምፕ እንጀራ ይበላል ወይ?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከባለቤቴ ወንድም ጋር ሐዋሳ ውስጥ አነስተኛ የዲዛይን ቤት አለን። ቢዝነስ ካርድ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ባነር፣ ብሮሸር፣ አልፎ አልፎም የድርጅቶችን ዓመታዊ ሪፖርት እንሠራለን። እስካሁን የምንጠቀመው ክራክ የሆነ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የተሰበረ፣ ፎቶሾፕና ኢለስትሬተር ነው። በቅርቡ ግን አንዱ ኮምፒውተር ከክራኩ ጋር በገባ ቫይረስ ተመታና የብዙ ደንበኞቻችን ፋይል ተቆለፈብን። ይህ ሳያንስ አንድ የእርዳታ ድርጅት ጥሩ ሥራ ሊሰጠን ሲል ውሉ ላይ «ሥራው ሕጋዊ ፈቃድ ባለው ሶፍትዌር ይሠራል» የሚል አንቀጽ አገኘሁ። ጊምፕ የሚባለውን ነጻ የፎቶ ማረሚያ አውርጄ ሞከርኩ፤ እጄ የታሰረ መሰለኝ። ከድሮ ፋይሎች ቀድቼ የለጠፍኳቸው የአማርኛ ጽሑፎችም ወደ ላቲን ምልክት ተለወጡ። የባለቤቴ ወንድም «ይህ የልጆች መጫወቻ ነው፣ ማተሚያ ቤትም አይቀበለውም» ይላል። ለሙያ ሥራ ይሆናል? ማተሚያ ቤቱስ ምን ይለናል? ዊንዶውስን ትተን ሊኑክስ ወደሚባለው ነጻ ሥርዓትስ መዛወር አለብን?

ግራ የገባው ዲዛይነር፣ ከሐዋሳ

መልስ፦

ወንድሜ፣ አዎ፣ ይበላል። በጊምፕ ብቻ ግን አይበላም።

ጊምፕን ስታወርድ የፈለግኸው ሌላ ስም ያለው ፎቶሾፕ ይመስለኛል። እንደዚያ ያለ ነገር የለም፤ እሱን የሚፈልግ ሰው በሳምንቱ ተበሳጭቶ ወደ ክራኩ ይመለሳል። በእኛ አገር የዲዛይን ቤቶች ፎቶሾፕ ከሙያው ውጪ ብዙ ሸክም ተጭኖበት ኖሯል። ፎቶ ይታረምበታል፣ አርማ ይሣልበታል፣ ቢዝነስ ካርድ ይጻፍበታል፣ ባለ አርባ ገጽ ሪፖርት እንኳ ገጽ በገጽ ይሠራበታል። ከዚያ ሁሉም በጄፔግ ተጨፍልቆ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፤ የስልክ ቁጥሩ ደብዝዞ ሲወጣ የሚወቀሰው አታሚው ነው። ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ገበያ ላይ ሲውል የፎቶ ማረሚያ ነበር፤ ዛሬም ዋና ሙያው ያው ነው።

ወደ ክፍት ምንጭ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ወደሆነ ነጻ ሶፍትዌር፣ ስትዛወር ይህ ልማድ ይፈተናል። ሥራህን በሦስት መሣሪያ ትከፍለዋለህ። ፎቶ በጊምፕ፣ አርማና ሥዕላዊ ቅርጽ በኢንክስኬፕ፣ ገጽ ያለውና ጽሑፍ የሚበዛበት ሁሉ በስክሪበስ። ሦስቱም ነጻ ናቸው፣ ሦስቱም አንተ በያዝከው ዊንዶውስ ላይ ይሠራሉ። እጅህ የታሰረብህ የሦስቱን ሥራ ከአንዱ ስለጠበቅህ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ለባለቤትህ ወንድም አንድ ነገር ንገርልኝ። የሊኑክስ መለያ የሆነው ያ ወፍራም ፔንግዊን እ.ኤ.አ. በ1996 የተሣለው በጊምፕ ነው። ሁለት የበርክሌይ ተማሪዎች፣ ስፔንሰር ኪምባልና ፒተር ማቲስ፣ ፕሮግራሙን መጻፍ የጀመሩት ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። መጫወቻ ቢሆን ኖሮ ሠላሳ ዓመት አይዘልቅም። እሱ የሚያውቀው ጊምፕ ግን የድሮው ከሆነ ትችቱ ግማሹ እውነት ነበር። በድሮው ጊምፕ ብርሃን ወይም ቀለም አስተካክለህ «እሺ» ካልክ በኋላ ለውጡ ሌየሩ (የምስሉ ንብርብር) ላይ ተቃጥሎ ይቀራል፤ ደንበኛው በማግስቱ «ትንሽ ይቅላ» ሲልህ ከሥር ትጀምራለህ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የወጣው 3.0 ይህን ለወጠው። ማጣሪያው፣ ያ የብርሃን ወይም የቀለም ለውጥ፣ ከሌየሩ ጋር ተያይዞ ይቀመጣል፤ ከሳምንት በኋላ ከፍተህ ቁጥሩን መቀየር፣ ማጥፋት ወይም ቅደም ተከተሉን ማዛወር ትችላለህ። ብዙ ሌየሮችን በአንድ ጊዜ መምረጥም ተችሏል። ስለዚህ አጋርህ የሞከረው የትኛውን እንደሆነ ጠይቀው፤ አንተም ያወረድከውን ቁጥር አረጋግጥ።

የአቋራጭ ቁልፎቹና የመሣሪያዎቹ አቀማመጥ እንግዳ ከሆኑብህ ፎቶጊምፕ የሚባል ነጻ ማስተካከያ አለ፤ የጊምፕን ገጽታና ቁልፎች ወደ ፎቶሾፕ ያስጠጋዋል። እኔ በግሌ አልወደውም፣ የሰውን ቤት በራስ ቤት ዕቃ መሙላት ይመስለኛል። ሥራ ለሚጣደፍበት ሰው ግን የመጀመሪያውን ወር ያቀልለታል።

የጎደለውንም ልንገርህ። ስማርት ኦብጀክት፣ ማለትም ዋናው ምስል ሳይበላሽ መጠኑን ደጋግሞ መቀየር የሚያስችለው የፎቶሾፕ ዘዴ፣ ጊምፕ 3.0 ላይ የለም። የደንበኛ ፒኤስዲ (የፎቶሾፕ ፋይል) ስትከፍት ሌየሮቹና ማስኮቹ (መሸፈኛዎቹ) ይመጣሉ፤ ጽሑፉ ግን ወደ ምስልነት ይለወጣል፣ የማስተካከያ ሌየሮቹም እንደነበሩ አይመጡም። በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ የፎቶ ጀርባ የሚሞላው አዲሱ የአዶቢ (የፎቶሾፕ ሠሪው ኩባንያ) መሣሪያም የለውም። ከአዲስ አበባ የማስታወቂያ ድርጅቶች ጋር በየቀኑ ባለብዙ ሌየር ፒኤስዲ የምትቀባበሉ ቢሆን ኖሮ «ተው፣ አንዱን ኮምፒውተር በሕጋዊ መንገድ ፈቃድ ግዛለት» እልህ ነበር። ከዘረዘርካቸው ሥራዎች መካከል ግን እንዲህ ያለው የለም። የወርኃዊ ክፍያውን ጉዳይ ደግሞ ታውቀዋለህ። አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2013 አንዴ ገዝቶ መገላገልን ትቶ ወደ ኪራይ ከዞረ ወዲህ ክፍያው በዶላር ነው፤ በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ያ ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በብር የሚሰበስብ የሐዋሳ ቤት ይህን በየወሩ መሸከሙ ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ማተሚያ ቤቱ እንምጣ፤ አለመግባባት የሚነሣው እዚህ ነውና።

አታሚው ሥራው በምን ፕሮግራም እንደተሠራ አያየውም። የሚያየው የሚደርሰውን ፋይል ነው። ስለዚህ ከመጀመርህ በፊት ሄደህ «ለኦፍሴት ምን ዓይነት ፒዲኤፍ ትቀበላላችሁ? የቀለም ፕሮፋይላችሁ የትኛው ነው?» ብለህ ጠይቅ። «ፒኤስዲ አምጣ» ካሉህ ብዙውን ጊዜ በልማድ ነው፤ በትክክል የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ስታሳያቸው የሚመልስህ አታሚ ያለ አይመስለኝም። ስክሪበስ ፒዲኤፍ ኤክስ-1ኤን፣ ኤክስ-3ንና ኤክስ-4ን ያወጣል፤ እነዚህ ለኅትመት ተብለው የተደነገጉ ዓይነቶች ናቸው። ፋይሉን ከማውጣቱ በፊትም ይመረምርልሃል። ጥራቱ ያነሰ ፎቶ፣ ፎንቱ ውስጥ የሌለ ፊደል፣ ከገጽ የወጣ ሳጥን ካለ ያስጠነቅቅሃል። በዙሪያው የሦስት ሚሊ ሜትር የመቁረጫ ትርፍ መተውህን ብቻ አትርሳ።

ጊምፕ ውስጥ የምትሠራው በአርጂቢ፣ በስክሪኑ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ነው። የኦፍሴት ማተሚያ ደግሞ በአራት ቀለም፣ በሲኤምዋይኬ (ሳያን ሰማያዊ፣ ማጀንታ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር) ያትማል። ብዙ ሰው «ሙያዊ አይደለም» ሲል ይህንኑ ማለቱ ነው፤ ነገሩ ግን ከሚወራው ይቀላል። የአታሚውን ፕሮፋይል (ማሽኑ ቀለምን እንዴት እንደሚያወጣ የሚገልጸውን ፋይል) ጊምፕ ላይ ትጭንና የኅትመት ዕይታውን ታበራለህ፤ ደማቁ አረንጓዴ ወረቀት ላይ ምን ያህል እንደሚሞት እዚያው ታየዋለህ። ስትጨርስ ቲፍ ወይም ጄፔግ በሲኤምዋይኬ ማውጣት ይቻላል። ወይም ፎቶውን በአርጂቢ ትተህ ለስክሪበስ ስጠው፤ ፒዲኤፉን ሲያወጣ እሱ ወደ ሲኤምዋይኬ ይገለብጠዋል። ከመነሻው በሲኤምዋይኬ ካልሠራሁ ብትል ክሪታ ያን ያደርጋል፤ ለሥዕል የተሠራ ፕሮግራም ስለሆነ ግን የዕለት ሥራህን እሱ ላይ አትመሥርት።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ጥቁሩ ነው። በአርጂቢ የተጻፈ ጥቁር ፊደል ወደ ሲኤምዋይኬ ሲገለበጥ ከአራቱም ቀለማት ተደባልቆ ይወጣል። አራቱ ፕሌቶች (የየቀለሙ ማተሚያ ሰሌዳዎች) በፀጉር ያህል ከተዛነፉ የፊደሉ ጠርዝ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ያወጣል። በላቲን ፊደል ይህ ይታለፍ ይሆናል። የእኛ ፊደል ግን ትንንሽ ቀለበትና እግር የበዛበት ነው። ስምንት ነጥብ ላይ የ«ቤ» እና የ«ሌ» ቀለበት በቀለም ተደፍኖ «ቤት» ከምን እንደተጻፈ እስኪጠፋህ ድረስ ይጨፈለቃል። ስለዚህ ትንሽ ጽሑፍ ጊምፕ ውስጥ ፈጽሞ አትጻፍ። ስክሪበስ ውስጥ ጻፈውና ቀለሙን ጥቁር 100፣ ሌሎቹን ሦስቱን ዜሮ አድርግ። የሠርግ ጥሪ ካርዶቻችሁ በዚህ አንድ ነገር ብቻ ከጎረቤት ካርዶች ይለያሉ።

አርማውን ከኢንክስኬፕ ስታመጣም የምትጠነቀቅለት አለ። ኢንክስኬፕ የሚያስበው በአርጂቢ ነው። ኤስቪጂውን (የኢንክስኬፕን ፋይል) ስክሪበስ ውስጥ ስታስገባ ቀለሞቹ በዝርዝሩ ላይ ይመጣሉ፤ እዚያ አንድ በአንድ የአራት ቀለም ቁጥራቸውን ትሰጣቸዋለህ። አርማው ባለ ሦስት ቀለም ከሆነ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ጥላና ብዥታ የተደረገበት አርማ ግን እንደነበረ አይገባም። እንደኔ እንደኔ ጥላ ያለበት አርማ ከመጀመሪያውም መሠራት አልነበረበትም፤ ይህን ለደንበኛ መናገር ግን ሌላ ደብዳቤ ይጠይቃል።

ባነርማ ገነት ነው። የትላልቅ ባነር ማተሚያዎች አርጂቢ ቲፍና ጄፔግ ይቀበላሉ፣ ቀለሙን የሚገለብጠው የራሳቸው ፕሮግራም ነው። ብቻ ባነርን በሦስት መቶ ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ሦስት መቶ ነጥብ) የመሥራትን ልማድ ተዉ። ሦስት በሁለት ሜትር የሆነ ባነር በመቶ ዲፒአይ 11,811 በ7,874 ፒክስል ይሆናል፤ ከመንገድ ማዶ ለሚታይ ነገር ይበቃል። በሦስት መቶ ካደረግኸው ፋይሉ ዘጠኝ እጥፍ ያድግና ጊምፕ ይንቀራፈፍብሃል፤ ያኔ «ፕሮግራሙ ደካማ ነው» ይባላል። በነገራችን ላይ ጊምፕ ስንት ሜሞሪ እንዲጠቀም የሚወስን ቁጥር በምርጫዎቹ ውስጥ አለ፤ ኮምፒውተርህ ካለው ሜሞሪ ከግማሽ በላይ ስጠው።

ወደ ላቲን ምልክት የተለወጡብህ ጽሑፎች የጊምፕ ጥፋት አይደሉም። ጥፋቱ የቆየ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር የየራሳቸው መለያ ቁጥር ያገኙበት መስፈርት፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የፎንት ሠሪዎቻችን የነበራቸው ምርጫ ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ መሣል ብቻ ነበር። የቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች እንዲህ ነበሩ። ዓይንህ የሚያየው «ሰላም» ቢሆንም ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ምልክቶች ድርድር ነው። ያው ፎንት እስካለ ድረስ ምስጢሩ አይገለጥም፤ ጽሑፉን ቀድተህ ሌላ ቦታ በሌላ ፎንት ስትለጥፈው ግን ጉዱ ይወጣል። ፎቶሾፕም ላይ ፎንቱን ብትለውጥ ያው ነበር የሚሆነው።

መፍትሔው አሰልቺ ነው። አዲስ ሥራ ሁሉ በዩኒኮድ ይጻፍ፤ ለአጻጻፍ ኪማንን የመሰለ ነጻ የፊደል ገበታ ጫን። የድሮዎቹን ጽሑፎች ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ቁጥርና የእንግሊዝኛ ስም ጽሑፉ መሐል በተቀላቀለበት ቦታ ግን ስለሚሳሳቱ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማንበቡ አይቀርም። ለዓመታዊ ሪፖርት ከደንበኛ በወርድ የሚመጣውን ጽሑፍም ገና ሲመጣ መርምር። ገጹ ከተሠራ በኋላ ማረም እጥፍ ድካም ነው።

የፎንት ፈቃድም አለ። ሶፍትዌሩን ሕጋዊ አድርጎ ከቴሌግራም የተገኘ ፎንት መጠቀም ውሉን አያሟላም። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ በክፍት ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው፤ ለንግድ ሥራ ያለ ክፍያ ልትጠቀምባቸው ትችላለህ። አቢሲኒካ ለረጅም ጽሑፍ ያምራል፣ ግን ያለው አንድ ውፍረት ብቻ ነው። ፕሮግራሙ በግድ ሲያወፍረው ቀለበቶቹ ይደፈናሉና ርዕሱን በሌላ ፎንት ሥራው። ኖቶ ሳንስ ከቀጭን እስከ ወፍራም ብዙ ደረጃ ስላለው ለርዕስና ለባነር ይመቻል።

የውሉ አንቀጽ የምትፈራውን ያህል አያስፈራም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል፤ ድርጅቱ ይህን አንቀጽ ማስገባቱ ልክ ነው። ጊምፕ፣ ኢንክስኬፕና ስክሪበስ ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው። ፈቃዱ ለገቢ ማስገኛ ሥራ መጠቀምን ይፈቅዳል፤ በእነሱ የሠራኸው ሥራም የአንተና የደንበኛህ ነው። የሚያስቸግረው የግዢ ክፍሉ «ደረሰኝ አምጣ» ሲል ነው፣ ለነጻ ሶፍትዌር ደረሰኝ የለምና። አንድ ገጽ ደብዳቤ በማኅተማችሁ አዘጋጅ። የየፕሮግራሙን ስም፣ የእትሙን ቁጥርና የፈቃዱን ዓይነት ጻፍበት፣ የፎንቶቹንም እንዲሁ። የፈቃዱን ጽሑፍ አትመህ አባሪ አድርግ። ሲያዩት ከብዙ ተወዳዳሪ የተሻለ ሰነድ እንዳቀረባችሁ ያውቃሉ።

ስለ ዝውውሩ ደግሞ፣ የድሮውን ሥራ ሁሉ ልቀይር ብለህ አትነሣ። አዲስ ሥራ በአዲሱ ይሠራ፣ የድሮው ደንበኛ ሲመጣ ብቻ የእሱ ፋይል ይቀየር። የኢለስትሬተር ፋይል በውስጡ ፒዲኤፍ ይዞ ስለሚቀመጥ ኢንክስኬፕ አብዛኛውን ይከፍተዋል፤ የኮረልድሮውንም እንዲሁ። አንዳንዴ ጽሑፉ ይበታተናል፣ ቅርጹ ግን ይተርፋል። እምቢ ያለ ፒኤስዲ ሲያጋጥምህ ፎቶፒያ የሚባለው በኢንተርኔት የሚሠራ ማረሚያ ከሁሉም በተሻለ ይከፍትልሃል፤ ክፍት ምንጭ ባይሆንም በነጻ መጠቀም ይቻላል። ለተጀመሩ ሥራዎች እንደ ድልድይ ያገለግላል። በቫይረስ የተቆለፈውን ኮምፒውተር ግን ሙሉ በሙሉ አጥፍተህ ዊንዶውሱን ከሥሩ ጫነው፤ አዲሶቹን ፕሮግራሞች በላዩ ላይ አትደርብ። ከእንግዲህም የሥራ ፋይሎች ቅጂ ከኮምፒውተሩ በተነቀለ ዲስክ ላይ ይቀመጥ። ሁልጊዜ የተሰካ ዲስክ አብሮ ይቆለፋል።

የባለቤትህን ወንድም በክርክር አታሸንፈውም። በአንድ ቀን ሁለታችሁም ከተዛወራችሁ ሥራ ይቆማል፣ ጥፋቱም ባንተ ይሆናል። የእርዳታ ድርጅቱን ብሮሸር አንተ ብቻህን ከመነሻ እስከ ፒዲኤፍ በአዲሶቹ ሥራው። ስትጨርስ ፋይሉን ማተሚያ ቤት የሚወስደው እሱ ይሁን። አታሚው የሚለውን በጆሮው ይስማ። ለእሱ ቀድሞ የሚስማማው ኢንክስኬፕ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ኢለስትሬተር የለመደ እጅ እዚያ ቶሎ ይገራል። ስክሪበስን ለመጨረሻ ተውለት፣ መልኩ ደረቅና ያረጀ ነውና በመጀመሪያ ቀን ካየው «አላልኩህም?» ይልሃል።

ስለ ሊኑክስ ጠይቀኸኛል። አሁን አይደለም። ከነባሩ ፕሮግራም፣ ከነባሩ ፎንትና ከነባሩ ዊንዶውስ በአንድ ጊዜ መላቀቅ ከባድ ነው፤ አንድ ነገር ሲበላሽ ከየትኛው እንደመጣ አታውቅም። ዊንዶውሱ ራሱ ፈቃድ ያለው መሆኑን ግን ውሉን ከመፈረምህ በፊት አረጋግጥ፤ ያም ሶፍትዌር ነው። ፈቃድ ከሌለውና ለመግዛት ካልቻላችሁ፣ ያን ጊዜ ከኮምፒውተሮቻችሁ በአንዱ ላይ ሊኑክስ ጫን። ሦስቱም ፕሮግራሞች እዚያም አሉ። የቀለም ማተሚያችሁ ሾፌር (ማሽኑን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ለሊኑክስ መኖሩን ግን አስቀድመህ ከአምራቹ አጣራ።